የቤት ስልካችንን እናስቆርጠው ወይስ እናቆየው?

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው። በሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን የመስመር ስልክ የተመለከተ ሁሉ ይህ አባባል ትዝ ሳይለው አይቀርም። ይህ ዕቃ በአንድ ወቅት ቤቱን በጎረቤት ዘንድ ያስከበረ፣ ተራ ተጠብቆ የተገኘ፣ ሲያቃጭል ልጆች ተሽቀዳድመው የሚያነሡት ነበር። ዛሬ ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ድምፁ አይሰማም። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ «ለመሆኑ ማን ይደውልበታል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውን የሚያነሡትም አብዛኛውን ጊዜ እንደ እናንተ ያሉ፣ ስልክ ሲባል የኪሳቸው ሞባይል ብቻ የሚታያቸው ወጣት አንባቢዎቻችን ናቸው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በትዝታ ብቻ መልስ ሊሰጠው አይገባም፤ በንቀትም እንዲሁ። የመስመር ስልክ ሊመዘን የሚገባው በዕድሜው ሳይሆን በአንድ ነገር ነው ብለን እናምናለን፦ ሌሎቹ መገናኛዎች በአንድነት በሚጠፉባት ሰዓት እርሱ ብቻውን መቆም ይችላልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ስልኩ ለቤቱ ዋስትና ነው። «አይደለም» ከሆነ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ ጌጥ ብቻ ነው። ይህን ለመለየት በቅድሚያ ከሽቦው በስተጀርባ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ኃይሉ ከየት ይመጣል?

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሥራ ተጀመረ። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ሽቦው ሞባይልን ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ይሁን እንጂ ከዕድሜው ይልቅ ትኩረት የሚሻው አሠራሩ ነው።

ተራው የመስመር ስልክ በቤታችን የኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ አይሰካም። ታዲያ ኃይሉን ከየት ያገኛል? ድምፅ ከሚያመላልሱት ከእነዚያው ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ነው። በስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ውስጥ በተርታ የተደረደሩ የእርሳስና የአሲድ ባትሪዎች አሉ። አንዱ የባትሪ ክፍል ወደ 2 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ 24ቱ ሲቀጣጠሉ 48 ቮልት ይሆናል። የስልክ ጣቢያዎች በመላው ዓለም የሚሠሩት በዚህ 48 ቮልት ነው። ከዚህም በላይ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከመሬት ጋር ይያያዝና መስመሩ ላይ የሚላከው አሉታዊው ይሆናል። ምክንያቱም እርጥበት ባለበት መሬት ውስጥ የተቀበረ መዳብ አሉታዊ ሲሆን በኤሌክትሮሊሲስ ተበልቶ የመሳሳት ዕድሉ ይቀንሳል። የመቶ ዓመት ልምድ እንዲህ ያለ ጥበብ በየሥፍራው ደብቆ አኑሯል።

የመብራት ኃይል ሲቋረጥ ጣቢያው በባትሪዎቹ ለሰዓታት ይሠራል፤ ከዚያም ጄኔሬተሩ ነዳጅ እስካለው ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ሰፈሩ በጨለማ ተውጦ ሳለ እጀታውን ያነሣ ሰው የመደወያውን ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት የመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ምስክር ነው።

በደብተር ላይ የሚሠራ ስሌት

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ። የሽቦው ዲያሜትር 0.4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ 1.72 × 10⁻⁸ ኦም-ሜትር ስለሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ ወደ 137 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ይኖረዋል። ቤታችን ከጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ መመለስ ስላለበት የሽቦው ርዝመት 6 ኪሎ ሜትር፣ ሬዚስታንሱም ወደ 820 ኦም ይሆናል። የስልኩንና የጣቢያውን መጠምጠሚያዎች በድምሩ 600 ኦም ብንላቸው ጠቅላላው 1,420 ኦም ይደርሳል። 48 ቮልትን ለዚህ ብናካፍል 34 ሚሊአምፒር ገደማ እናገኛለን። ስልኩ ደኅና ሆኖ ለመሥራት 20 ሚሊአምፒር ያህል ይበቃዋልና ትርፍ አለን ማለት ነው።

በዚህ ንግግር ላይ ሳለን በጠቅላላው መስመር የሚባክነው ኃይል ከ2 ዋት ያነሰ ነው። እጀታው በቦታው ሲቀመጥ ደግሞ ዑደቱ ስለሚከፈት ፍሰቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ይህ ቁጠባ ባትሪው ለብዙ ቤቶች ለረጅም ሰዓት እንዲበቃ ያደርገዋል። የስልኩ ጥንካሬ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ትሕትና ላይ ነው፤ ጥቂት ይጠይቃል፣ ስለዚህም በቀላሉ አይጠፋም።

ሞባይሉስ?

ሞባይልን ለማጣጣል አልተነሣንም። በኪሳችን ያለው መሣሪያ የራሱ ባትሪ አለው፤ እረኛውንም ነጋዴውንም ከየትኛውም ቦታ ያገናኛል፤ ገንዘብ ይልካል፣ መጽሐፍ ያስነብባል። በድምፅ ጥራትም ቢሆን የዛሬው ሞባይል ይበልጣል። የመስመር ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ አዳዲሶቹ የሞባይል መረቦች እስከ 7,000 ኸርዝ ያደርሳሉ። «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት የሚቻለው በእነዚያ ከፍተኛ ድምፆች ስለሆነ ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ሞባይል የሚሠራው በእጃችን ያለው ባትሪ ስለሞላ ብቻ አይደለም። በአቅራቢያችን ያለው የአንቴና ማማም ኃይል ያስፈልገዋል። ማማው ላይ ያሉት መሣሪያዎች የሚበሉት ኃይል ብዙውን ጊዜ በኪሎዋት የሚለካ ነው። ማማውም ባትሪና በአንዳንድ ሥፍራ ጄኔሬተር አለው፤ መብራቱ ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ግን ማማዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ በመታ ጊዜ፣ በተጎዳው አካባቢ ካሉት የሞባይል ጣቢያዎች ሩብ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ እንደሆኑ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አስታውቆ ነበር።

ሁለተኛው ችግር መጨናነቅ ነው። አንድ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የንግግር ብዛት ውሱን ነው። አደጋ ሲደርስ ሁሉም ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ያነሣል። እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንጨምር፦ የሽቦው መረብም ከዚህ ነጻ አይደለም። አግነር ኤርላንግ የተባለው ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ጥናት የስልክ ጥሪዎችን በፕሮባቢሊቲ ሕግ የሚመረምር ነበር፤ የሽቦ ስልክ ጣቢያዎችም የሚሠሩት ሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ አይደውልም በሚል ግምት ነው። ስለዚህ «ሽቦ አይጨናነቅም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ትክክለኛው አነጋገር «ሽቦና ሞባይል የሚጨናነቁት በተለያየ ቦታ ነው» የሚለው ነው። ቤታችንን ከጣቢያው የሚያገናኙት ሁለቱ ሽቦዎች የእኛ ብቻ ናቸው፤ የማማው ሬዲዮ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነው።

ሁለት መንገድ ያለው ሰው

የክርክራችን ማዕከል እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት መገናኛዎች አሉን እንበል፤ እያንዳንዳቸውም ከ100 ሰዓት ውስጥ 5 ሰዓት ይጠፋሉ። የሚጠፉበት ምክንያት ፈጽሞ የተለያየ ከሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ዕድል 0.05 × 0.05 ነው፤ ይኸውም ከ10,000 ሰዓት ውስጥ 25 ሰዓት ብቻ ነው። ሁለቱም የሚጠፉት በአንድ ምክንያት ከሆነ ግን ሁለተኛው መገናኛ ምንም አልጠቀመንም፤ ዕድሉ ያው ከ100 ሰዓት 5 ሰዓት ነው።

«ሁለት ሲም ካርድ ስላለኝ አልሠጋም» የሚል ሰው ይህን ስሌት ልብ ሊለው ይገባል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ሁለት የሞባይል አገልግሎት ሰጪዎች መኖራቸው መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ድርጅቶች በአንድ ማማ ላይ አንቴናቸውን ሊሰቅሉ፣ በአንድ የመብራት መስመርም ሊጠቀሙ ይችላሉ። ስሙ ሁለት ሆኖ እግሩ አንድ የሆነ ወንበር አያስተማምንም።

የሽቦውም ነጻነት ወሰን እንዳለው መካድ አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር የተቋረጠው ሞባይል ብቻ አልነበረም፤ የመስመር ስልኩም አብሮ ጠፍቶ ቤተሰብ ከቤተሰብ ሳይሰማማ ረጅም ጊዜ አልፏል። ሽቦ ከመብራት መጥፋት ያድናል እንጂ ከማዕከሉ መዘጋት አያድንም። እያንዳንዱ መሣሪያ ከምን እንደሚያድንና ከምን እንደማያድን ለይቶ ማወቅ የሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ መዳብ ነው። መዳቡ ግን እየሄደ ነው። በብዙ አገሮች፣ በእኛም ከተሞች ጭምር፣ በኦፕቲካል ፋይበር እየተተካ ይገኛል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። ፋይበር እጅግ ፈጣን ኢንተርኔት ይሸከማል፤ ዝናብና እርጥበት እንደ መዳብ አያበላሸውም፤ ለመዳቡ ዋጋ ሲሉ ገመድ የሚቆርጡ ሌቦችም አይመኙትም። በዚህ ለውጥ አንከራከርም።

ይሁንና ፋይበር ከመስታወት የተሠራ ነው፤ መስታወት ብርሃን ያስተላልፋል እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በመሆኑም ከጣቢያው 48 ቮልት ሊመጣ አይችልም። ብርሃኑን ወደ ድምፅ የሚለውጠው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሣጥን ኃይሉን የሚያገኘው ከቤታችን ሶኬት ነው። ስልኩ ያው ነው፣ ቁጥሩ ያው ነው፣ ዳንቴሉም ያው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ስልኩም አብሮ ይጠፋል። አዲሱ መስመር የድሮውን መልክ ይዞ ቀርቷል፤ የድሮውን ጠባይ ግን አልያዘም።

ይህ አደጋ ምን ያህል እውነተኛ እንደሆነ ከብሪታንያ ታሪክ መማር ይቻላል። በዚያች አገር የመዳቡን የስልክ አገልግሎት በኢንተርኔት በሚሠራ ለመተካት ሥራው ተጀምሮ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አርዌን የተባለ ማዕበል ደረሰ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች መብራት አጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆዩ። በመጋቢት 2022 ትልቁ የስልክ ኩባንያ ቢቲ ለመኖሪያ ቤቶች የሚያደርገውን ዝውውር ለጊዜው አቆመ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ አረጋውያን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ሲወድቁ ተጭነው ርዳታ የሚጠሩባቸው መሣሪያዎች ከዝውውሩ በኋላ ሳይሠሩ የቀሩበት ከባድ ችግር በመታየቱ፣ መንግሥት የስልክ ኩባንያዎቹን ሰብስቦ ደንበኞችን ያለ ጥንቃቄ እንዳያዛውሩ ቃል አስገባቸው። በ2025 መጨረሻ ሊፈጸም ታቅዶ የነበረውም ሥራ ወደ ጥር 2027 ተገፋ። (ዓመቶቹና ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ የምንማረው «ፋይበር መጥፎ ነው» የሚለውን አይደለም። የሀብታም አገር መሐንዲሶች እንኳ አሮጌው ሽቦ በዝምታ ይሠራው የነበረውን ሥራ ያወቁት ሽቦው ከተነሣ በኋላ መሆኑን ነው። መብራት በተደጋጋሚ የሚቋረጥባቸው ከተሞች ባሉበት አገር ይህን ትምህርት በሰው ወጪ መማር ዕድል ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«የመስመር ስልክ ራሱ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ መንገድ ሲቆፈር ይቆረጣል፣ ክረምት ሲገባ ይንጫጫል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። በየወሩ የሚበላሽ መስመር ያለው ቤት ዋስትና አለኝ ሊል አይችልም። «ማንም አይደውልበትም» የሚለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳት ማጥፊያ ሲሊንደርን ማንም በየቀኑ አይጠቀምበትም፤ በዚህ ምክንያት ግን ከግድግዳ አይወርድም። ዋስትና የሚመዘነው በአጠቃቀም ብዛት ሳይሆን በምትፈለግበት ሰዓት በመገኘቱ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ሞባይል የግለሰብ ነው፤ የቤት ስልክ ግን የቤት ነው። ሞባይሏን የት እንዳኖረች የረሳች አያት፣ የይለፍ ቁጥር የማያውቅ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ለእንግድነት የመጣ ዘመድ፣ ሁሉም እጀታውን አንሥቶ አምቡላንስ ወይም እሳት አደጋ መጥራት ይችላል። መስመሩ የተዘረጋበት ቤትም በመዝገብ ይታወቃል። በቤቱ ውስጥ በሽተኛ ወይም አዛውንት ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ውድ አንባቢያን፣ መልሱን ከእኛ ሳይሆን ከራሳችሁ ቤት እንድታገኙት ሁለት ሙከራዎች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ የቤቱን ዋና የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉና የስልኩን እጀታ አንሡ። የመደወያው ድምፅ ከተሰማ ኃይሉ ከውጭ ይመጣል ማለት ነው። ካልተሰማ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፦ መስመሩ ፋይበር ነው፤ ወይም ስልኩ ገመድ አልባ እጀታ ያለውና በሶኬት የሚሠራ ነው፤ ወይም ከናካቴው ተበላሽቷል። ሁለተኛው ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ገመድ ያለውን ተራ ስልክ መልሶ መሰካት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሰፈሩ መብራት በእርግጥ ጠፍቶ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲሞላው እጀታውን እንደገና አንሡ። በአንዳንድ ሥፍራ የመዳቡ ሽቦ የሚያበቃው በጣቢያው ሳይሆን በመንገድ ዳር በቆመ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የዚያ ሣጥን ባትሪ ደግሞ የጣቢያውን ያህል ላይቆይ ይችላል። በዚያው ሰዓት ሞባይላችሁንም ፈትኑ። ሁለቱ የሚጠፉት በተለያየ ሰዓት ከሆነ እውነተኛ ሁለት መንገድ አላችሁ።

ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ስልክ ያለው ቤት፣ በተለይም አዛውንት ወይም ሕመምተኛ የሚኖርበት ከሆነ፣ ስልኩን ባያስቆርጥ ይሻለዋል እንላለን። ፈተናውን የወደቀና መስመሩ ፋይበር የሆነበት ቤት ደግሞ ለፋይበሩ ሣጥን አነስተኛ መጠባበቂያ ባትሪ ሊያዘጋጅ ይገባል። ሣጥኑና የኢንተርኔት ማከፋፈያው በድምሩ 15 ዋት ቢፈልጉ፣ 12 ቮልትና 7 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ፣ ብክነቱ ታስቦ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። ይህን ማድረግ የማይፈልግ፣ በቤቱም ወጣቶች ብቻ የሚኖሩ ከሆነ፣ ስልኩን በሰላም ቢያሰናብተው አንወቅሰውም። ለትዝታ ሲባል ብቻ በየወሩ መክፈል ግዴታ አይደለም።

የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ያልሆነም አለ። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ በአንድ መንገድ ብቻ ሊንጠለጠሉ አይገባም። መዳቡን የሚያነሡ ወገኖች ከማንሣታቸው በፊት «በዚህ ሽቦ ላይ ማን ተደግፎ ነበር?» ብለው ሊጠይቁ፣ ለተደገፈውም መጠባበቂያ ሊያቀርቡለት ይገባል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መመሪያ፣ ሞባይል በማይደርስበት ቤት ወይም በመስመር ስልክ ላይ ብቻ ለተመኩ ደንበኞች ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስችል መፍትሔ እንዲቀርብ አዝዛለች። አንድ ሰዓት ማለት አርዌንን ለመሰለ ማዕበል ኢምንት እንደሆነ ቆይቶ ታየ፤ መርሑ ግን ትክክል ነው። ወደፊት መሐንዲስ ሆናችሁ እንዲህ ያለውን ለውጥ የምትመሩት እናንተ ናችሁና ጥያቄውን ከአሁኑ ያዙት።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጉና እጀታውን አንሡ። የሚሰማችሁ ድምፅ፣ ወይም ጸጥታው፣ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ መልሱን ይነግራችኋል።